ጣምራ ፊርማ

ሐሙስ፣ ነሐሴ 2014፣ መርሳ

ሁሉም ነፃ ነው አለን። ሂሳብ መክፈቻው ነፃ፣ የመጀመሪያው የቼክ ደብተር ነፃ፣ በየወሩ የሚቆረጥ ነገር የለም፣ ወረፋ የለም። ሻይ ሳይቀር አስመጣልን፤ እሱም ነፃ። አቤል ይባላል ልጁ፤ ወልድያ ላይ አዲስ የተከፈተው ባንክ ሠራተኛ ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩም የተተኮሰ። እኔ ደግሞ ነፃ ሲሉኝ ሆዴ ይጠረጥራል። ሽንኩርት ተራ እንኳ ምርቃቱ ሲበዛ ከሥር የበሰበሰ አለ ማለት ነው።

ባንክ ለባንክ የሚያዞረን የእርዳታ ድርጅቱ ነው። ባለፈው ዓመት ጦርነቱ እዚህ በነበረ ጊዜ አትክልታቸው ለወደመባቸው የሐብሩና የጉባ ላፍቶ ገበሬዎች የሚያድለውን የማንጎና የአቮካዶ ችግኝ ከኛ ሊገዛ ተስማምቷል። ሸጋ ሥራ ነው። ግን ክፍያው በሽርክናችን ስም በተከፈተ ተንቀሳቃሽ ሂሳብ ካልሆነ አይሆንም አሉ። እስካሁን ሁሉም ነገር የሚገባውም የሚወጣውም በኔ የቁጠባ ደብተር ነበር። ያም አሁን ባዶ ነው፤ ለችግኝ ፕላስቲክ፣ ለማዳበሪያና ለውሃ ሞተር አውጥቼ ጨርሼዋለሁ።

ሽርክናው የኔና የጥሩወርቅ ነው፤ እሷ ወልድያ ነው የምትኖር። መሬቱ የኔ፣ ከወንዙ ዳር፣ ከአባቴ የደረሰኝ። ሙያው የእሷ። ማንጎ እንደሷ የሚያዳቅል በዚህ አገር አላየሁም። ሰነዱ ላይ እኩል ነን።

ከአቤል ወጥተን ትልቁ ባንክ ገባን። እዚያ ደግሞ ነፃ የሚባል ነገር የለም። እንዳልረሳው፦

ለቼክ ደብተሩ ይከፈላል።
የሂሳብ መግለጫ በወረቀት ለጠየቀ ይከፈላል።
ስልክ ላይ ለሚመጣው መልእክት ይቆረጣል።
ከሂሳቡ ውስጥ የማይነካ ገንዘብ መቀመጥ አለበት።
ከሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ሲወጣ? ሠራተኛዋ «እንደ ሁኔታው ነው» አለችን። ይህችን ቃል አልወደድኳትም።
ስንቅ የሌለው ቼክ የጻፈ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ሲደጋግም ፍርድ ቤት።

ወለድ ሁለቱም ጋ የለም። ተንቀሳቃሽ ሂሳብ ወለድ አይከፍልም። ለኔ ይሻለኛል፣ ከሐራም ያወጣኛል። ግን በኔ ብር እሱ ሲያበድርበት ይውል የለ? ለምንድን ነው ታዲያ እኔው የምከፍለው?

ጥሩወርቅ ትልቁን ባንክ መረጠች። መርሳም፣ ወልድያም፣ ደሴም፣ አዲስ አበባም ቅርንጫፍ አለው አለች። አዲስ አበባ ምን አለን? ችግኝ የምንሸጠው ለሐብሩ ነው።

ከዚያ ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ መጣ። ገንዘቡ የሚወጣው በሁለታችን ጣምራ ፊርማ ነው ወይስ ከሁለት አንዳችን በፈረምነው? ሠራተኛዋ ጠይቃ ሳትጨርስ ጥሩወርቅ «በማንኛችንም» አለች። ቸኮለች። ወደኔ እንኳ አልዞረችም።

ቅጹን አጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩት። አማክሬ እመለሳለሁ አልኳት። ፊቷ ሲጠቁር አይቻለሁ።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ሰይድ ሼህ ኑርዬን ወደ ቤት ይዟቸው መጣ። ሰይድ ባሌ ነው፤ አስተማሪ ነው፣ አሁን ክረምት ስለሆነ ቤት ይውላል፣ ቤት ሲውል ደግሞ ነገር ይፈጭበታል። ሼሁን የአቤልን ነገር ጠየቅኳቸው። አቤል ሂሳባችሁ ውስጥ ካለው በላይ ቼክ ብትጽፉም ባንኩ ሞልቶ ይከፍልላችኋል ብሎን ነበርና። «ሞልቶ ሲያስመልስ ይጨምርበታል ወይ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «እንግዲያው ጥያቄሽን ራስሽ መልሰሽዋል» አሉ። ትልቁ ባንክ ከወለድ ነፃ መስኮት እንዳለው ነገሩኝ። ወዲዓ ይባላል ሂሳቡ፤ አደራ እንደማለት ነው። ቼክም አለው። ክፍያውም ያው ነው፣ አልቀነሱም።

ስለዚህ ባንኩ ተወሰነ። የሚገርመው ጥሩወርቅ የፈለገችው ባንክ መሆኑ ነው። በኔ መንገድ ሄጄ እሷ ደጃፍ ደረስኩ።

ፊርማው ግን አልተወሰነም። ሰይድ እንዲህ አለኝ፦ «ባለፈው ዓመት ወራሪው ሲገባ አንቺ እዚህ ቀረሽ። እሷ የት ነበረች? ልጆቿን ይዛ ደሴ፣ ከደሴ ደብረ ብርሃን። ነገም እንደዚያው ነው። ቅርንጫፉ በየከተማው ያለ ባንክ፣ የአንድ ሰው ፊርማ። አስቢው።»

ጥሩወርቅ ላይ ክፉ አይቼ አላውቅም። የውሃ ሞተራችን ተዘርፎ፣ የጥላው መረብ ተቀዶ፣ ችግኙ ሁሉ ደርቆ ባገኘን ጊዜ እንደኔ ቁጭ ብላ አላለቀሰችም። በማግስቱ አፈር ታበጥር ነበር። ባሏ ጌታሁን በዚያው በስደቱ በኩላሊት ሞቶባት፣ ማቋን ለብሳ። ይህንን ለሰይድ ነገርኩት። «እኔ ክፉ ናት አልወጣኝም» አለ። እውነቱን ነው፣ አልወጣውም። ግን ከሄደ በኋላም ቃሉ ቤት ውስጥ ቀረ።

ቅዳሜ

ዛሬ ያየሁትን ባላየሁ ይሻለኝ ነበር።

ጥሩወርቅ ጠዋት ደውላ ሲሪንቃ እንደምትሄድ ነገረችኝ፣ ከእርሻ ምርምሩ የምታውቃቸው ሰዎች የአቮካዶ ቅርንጫፍ ሊቆርጡላት። እኔም የአማቴን፣ የሰይድን እናት፣ መድኃኒት ልገዛ ወልድያ ወጣሁ። አማቴ የስኳር በሽታ አለባቸው፤ ኢንሱሊኑ መርሳ አንዳንዴ ይጠፋል። ባለፈው ዓመት ጠፍቶ እንደምን እንዳተረፍናቸው አላህ ያውቃል። አሁንም ካለቀ በኋላ አልጠብቅም፣ ሳያልቅ ነው የምሄድ።

ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ጭማቂ ቤቱ በረንዳ ላይ አየኋት። ከአቤል ጋር። የተተኮሰው ሸሚዝ አንገቱን ደፍቶ እሷ ትናገራለች። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ነበር። ጭማቂው አልተነካም። ባጃጁ አለፈ።

ሲሪንቃ ነኝ ያለችኝ ሴት!

ያልመረጥነው ባንክ ሠራተኛ ጋ ምን አላት? በስሟ ብቻ ሌላ ሂሳብ ልትከፍት ነው? ክፍያውን ወደዚያ ልታዞር? ፋርማሲው ውስጥ ቆሜ ሰውየው ሁለቴ ጠየቀኝ፣ አልሰማሁትም። ለመድኃኒቱ ከፍዬ ስወጣ ቦርሳዬ ውስጥ የቀረው የመሳፈሪያ ብቻ ነው።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ እርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ቅርንጫፍ ይዛ እርሻው ላይ መጣች። ሲሪንቃም ሄዳለች ማለት ነው። «ሸጋ ቅርንጫፍ ሰጡኝ» አለች። ማሻአላህ አልኳት። ሌላ አልተናገርኩም። አፌን ብከፍት የሚወጣውን ስለፈራሁ ነው።

እሑድ

ተናገርኩ።

ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ መጣች፤ የፍልሰታ ጾም ነገ ይፈታል፣ ፊቷ በጾሙ ከስቷል። የማንጎውን ግንድ በቢላዋ ሰንጥቃ ልታዳቅል ጎንበስ ባለችበት፣ አቤልን ትናንት ምን ልትይው አገኘሽው አልኳት። ቢላዋውን ከግንዱ ሳታወጣ ቆመች። አየሽኝ ወይ አላለችም፣ አልካደችም። እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ከጥላው ሥር ተቀመጠች።

የነገረችኝን እንደ ነገረችኝ ልጻፈው።

ጌታሁን ከአጎቱ ልጅ ጋር የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ነበራቸው። ሂሳባቸው ተንቀሳቃሽ፣ ፊርማው ጣምራ። ጦርነቱ ሲመጣ የአጎቱ ልጅ ቆቦ ተዘጋበት፣ እነሱ ደሴ ወጡ። ደሴ ላይ ኩላሊቱ ተነሣበት። አዲስ አበባ ወስዳችሁ በማሽን ይታጠብ አሏቸው። ብሩ ባንክ አለ፣ የሚያሳክም ብቻ ሳይሆን ቤት የሚሠራ ብር ነበር አለች። ቼኩን በአንድ ፊርማ ጽፎ ሰጣት። ሄደች፤ ሁለተኛው ፊርማ የለም ብለው መለሷት። በማግስቱም ሄደች። ሁለተኛው ፈራሚ በስልክ እንኳ የማይገኝበት አገር ነው ያለው ብላ ለመነች። የመለሳት ልጅ «እማማ ሕጉ አይፈቅድልኝም» እያለ እንባው ይወርድ ነበር አለች። በልመናና በብድር ደብረ ብርሃን ሲደርሱ ጌታሁን አይናገርም ነበር።

«ያ ልጅ አቤል ነው» አለችኝ። «ያን ጊዜ ደሴ ሌላ ባንክ ነበር የሚሠራ። ሐሙስ ሲያየኝ አወቀኝ። ሻዩን ያስመጣው ለዚያ ነው።»

ትናንት የጠየቀችው አንድ ነገር ነው አለች፤ እንደዚያ ያለ ቀን ተመልሶ ቢመጣ የትኛው ባንክ ነው የማይመልሳት። እሱም እውነቱን ነገራት፤ ጣምራ ፊርማ በሁሉም ባንክ ጣምራ ነው፣ የኛም ይመልስሻል አላት። የራሱን ባንክ እንኳ አላሞገሰላትም።

ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። «ስነግረው የምለምን ይመስለኛል» አለች።

አብረን አለቀስን። ነጠላዋ ረጠበ፣ የኔም ሻሽ ረጠበ።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ደግሞ እውነቱን ልጨምር። ወደ ቤት ስመለስ፣ ድልድዩን ሳልሻገር፣ ያ ሐሳብ ተመልሶ መጣብኝ። ታሪኩ እውነት ነው፤ ያንን የሚዋሽ ሰው የለም። ግን እውነተኛ ታሪክስ ልብ ለመክፈቻ አያገለግልም? ለሰይድ ነገርኩት። «አላህ ይማረው። ፊርማው ግን ጣምራ ይሁን» አለ። ሁላችንም የተነደፍነው በየራሳችን እባብ ነው። ለእሷ ጣምራ ፊርማ ባል ገደለ። ለኔ ደግሞ ሰው ጥሎ ሲሄድ ማየት ነው የሚያስፈራኝ።

ሰኞ

ሂሳቡ ተከፈተ፤ የመክፈቻውና የቼኩ ከሚገባው ክፍያ ይቆረጣል አሉን። ትልቁ ባንክ፣ መርሳ ቅርንጫፍ፣ ከወለድ ነፃ መስኮት። ጥሩወርቅ ለክርስቲያን ምን ልዩነት አለው ብላ ጠየቀች። ለማንም ነው አሏት። «ብሬን ካላበደሩብኝ ምን ቸገረኝ» አለች። ፈገግ ስትል ከሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

ቅጹ ላይ የፊርማው ጥያቄ ጋ ደረስን። ተዘጋጅቼ ነበር፤ ሌሊት ሁሉ ቃል ስመርጥ ነው ያደርኩ። አፌን ሳልከፍት እሷ «ጣምራ» አለች። ሠራተኛው ምልክት አደረገ። አለቀ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ እንዴት ይህን ቶሎ እሺ አለች ብዬ ስብሰለሰል ዋልኩ። እንዲያ ያለቀሰችበትን ነገር! ሰው ለማልቀስ የሚያበቃውን ነገር በአንድ ቀን ይተወዋል?

የፊርማ ናሙና ሰጠን። የእሷ ፊርማ ቀጥ ያለና ረጋ ያለ ነው፣ መጨረሻው ላይ እንደ ሐረግ ይጠመጠማል። የኔ እንደ ዶሮ ጭረት። በእጃቸው የነበረውን የቼክ ደብተር እዚያው ሰጡን። ደብተሩ እኔ ጋ፣ ማህተሙ እሷ ጋ እንዲሆን ተስማማን። ያም የእሷ ሐሳብ ነው። ሠራተኛው ሲያሰናብተን ባዶ ቼክ ላይ ፈርማችሁ እንዳታስቀምጡ፣ ያገኘው ሁሉ ብር ነው አለን።

ስንወጣ ሰነባበትን። ጾሙ ተፈቷልና ዶሮ አርጃለሁ፣ ለናንተ የሚሆን የለኝም እንጂ እጠራችሁ ነበር አለች። የክርስቲያን ዕርድ እንደማንበላ ታውቃለች። በምትኩ ለአማቴ ያለ ስኳር የተጋገረ ዳቦ ሰጠችኝ። አማቴ በሉላትና መረቋት።

ማክሰኞ

ችግኙ መጫን ጀመረ። የድርጅቱ መኪና መጥቶ የመጀመሪያውን ዙር ወሰደ። ጥሩወርቅ እያንዳንዱን ችግኝ እያየች የደከመውን ወደ ጎን ታወጣለች። ሰውየው ግድ የለም ይሂድ ቢላት እምቢ አለች። ገበሬው ሁለት ዓመት ጠብቆ ፍሬ ካጣ የሚረግመው እኛን ነው አለችው።

ክፍያው ነገ ይገባል ተብለናል።

እርሻው ላይ ለሚሠሩት ደመወዝ፣ ለአማቴ የወር መድኃኒት፣ ለጥሩወርቅ ልጆች መስከረም ሲጠባ የትምህርት ቤት። ሁሉም ነገን ይጠብቃል።

ረቡዕ

ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ብሩ ገባ። አልሃምዱሊላህ። ወዲያው ለጥሩወርቅ ደወልኩ፣ ነገ መጥቼ አብረን እንፈርማለን አለች።

ከሰዓት በኋላ ሁለተኛው ወሬ መጣ። በቆቦ በኩል ጦርነቱ ተነሥቷል። መጀመሪያ ሰው አላመነም፤ እርቅ ነው ሲባል አልነበረ? ከዚያ መኪናዎቹ መጡ። ወደ ሰሜን ወታደር፣ ወደ ደቡብ ፍራሽና ልጆች የጫነ ሚኒባስ። መንገድ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ወደ ሰሜን የሚሄደውን ሳይሆን ወደ ደቡብ የሚሄደውን ነው የሚቆጥረው።

አማቴ መኪናውን ሰምተው «ደግሞ መጡ?» አሉ። አብሽሩ አልኳቸው። እኔንስ አብሽሪ ማን ይበለኝ?

ሐሙስ

ጥሩወርቅ አልመጣችም።

ስልኳ አንዴ ይጠራል፣ አንዴ አይገኝም። እኩለ ቀን ላይ አገኘኋት፤ ወልድያ እየወጣ ነው፣ ባንኮቹ ዛሬ አልከፈቱም፣ ሚኒባስ የለም፣ ያለውም ዋጋው ሰማይ ወጥቷል አለች። ድምፅ ተቆረጠ።

ሰይድ ግቢ ውስጥ ይዞራል። «እሷ ካልመጣች ብሩ ታስሮ ቀረ» አለ። ጣምራ ይሁን ያለውን አላስታወሰም፣ እኔም አላስታወስኩትም። ሁለታችንም አስታውሰን ዝም ያልን ይመስለኛል።

እጃችን ላይ የመሳፈሪያ እንኳ የለም። የአማቴ ኢንሱሊን አንድ ብልቃጥ ተኩል ነው። መንገድ ከተዘጋ እንደ ባለፈው ዓመት ነው። አማቴ መራመድ አይችሉም፤ መኪና ካልተያዘ ውርጌሳ እንኳ አናደርሳቸውም። ብር አለኝ። ስልኬ ላይ ቁጥሩ ተጽፏል። ለጌታሁንም ተጽፎለት ነበር።

አሁን ደግሞ የሚያመኝን ልጻፍ። ይህንን ሁሉ እያሰብኩ እንኳ፣ ከሥር፣ ሌላ ሐሳብ አለ። ጣምራ ብላ ቶሎ እሺ ያለችው ለዚህ ይሆን? እኔም እንድቀምሰው?

ዓርብ

ከጁምዓ በፊት አስፋልቱ ላይ ጡሩምባ ሰማሁ። የኛ በር ፊት ለፊት ሚኒባስ ቆሟል፣ ከላዩ ዕቃ፣ በመስኮቱ የሰው እጅ። ጥሩወርቅ ከውስጡ ሰው እየረገጠች ወረደች። ሁለቱ ልጆቿ መስኮቱ ላይ ናቸው። ሾፌሩ ሞተሩን አላጠፋም፤ ቶሎ በይ፣ አልጠብቅሽም እያለ ይጮኻል።

«ደብተሩን አምጪ» አለችኝ።

ሮጥኩ። ሳመጣው አስደግፋ የምትጽፍበት ነገር የለም፤ መንገድ ዳር ነን። «ጀርባሽን አዙሪ» አለችኝ። ዞርኩ። ደብተሩን ጀርባዬ ላይ አድርጋ መፈረም ጀመረች። አንዱን ቅጠል ትፈርማለች፣ ትገልጣለች፣ ትፈርማለች። ስክሪብቶው በቀሚሴ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር ወይስ እኔ ነበርኩ የምንቀጠቀጠው፣ አላውቅም። ለማን እንደሚጻፍ የለም፣ ስንት እንደሚወጣ የለም። ባዶ ላይ ነው የምትፈርመው።

ባንኩ እንዲህ አታድርጉ ብሎናል አልኳት፤ ሌላ የምለው አጥቼ ነው። ሌላ ቅጠል ገለጠች። ሾፌሩ ለማስፈራራት ትንሽ ነዳ አደረገ፣ ልጅቷ እማዬ ብላ ጮኸች። ጥሩወርቅ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች፤ የመጨረሻዎቹን ቅጠሎች ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፈረመች። ከዚያ ከጉያዋ ማህተሙን አውጥታ እጄ ውስጥ አስጨበጠችኝ።

«ለአማትሽ ቅድሚያ ስጪ» አለች። «እኔ ደሴ እደርሳለሁ። የተረፈውን በኔ ደብተር ላኪልኝ። ካልተረፈም አትጨነቂ።»

ሄደች። አቧራው እስኪጠፋ ቆምኩ። ማቀፍ እንኳ አላቀፍኳትም፤ አንድ እጄ ደብተሩን አንድ እጄ ማህተሙን ይዞ ነበር።

ሰይድ ደብተሩን ገልጦ አየ። ሁሉንም ገለጠ። መልሶ ሰጠኝና ለሶላት ወጣ።

ቅዳሜ

ከንጋት ጀምሮ ባንኩ በር ላይ ነበርኩ። ሰዉ ከእኔ በፊት አድሯል። ቆቦ ተያዘች ይላሉ፣ አልተያዘችም ይላሉ። የመርሳው ቅርንጫፍ ይከፍታል፣ አይከፍትም። ከፈተ። ለአንድ ሰው ከተወሰነ በላይ አንከፍልም አሉ።

የመጀመሪያውን ቅጠል በስሜ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ማህተም መትቼ ሰጠሁ። ሠራተኛው ኮምፒውተሩን አየ፣ ቼኩን አየ፣ አንገቱን ነቀነቀ። የሁለተኛዋ ፊርማ አይመሳሰልም አለኝ። ሌላ ቅጠል ሰጠሁት። ይህም አይመሳሰልም። ናሙናውን አዙሮ አሳየኝ፤ የእሷ ያ ረጋ ያለ፣ እንደ ሐረግ የሚጠመጠም። ቼኩ ላይ ያለው የተሰበረ መስመር ነው።

ያኔ በልቤ ያለፈውን አልደብቅም። አውቃ ነው፣ ብዬ አሰብኩ። እንዳይወጣ አድርጋ ፈርማ፣ ሰጥቻለሁ ለማለት። ከኋላዬ ያለው ሰው ይገፋኛል፣ ሠራተኛው ቀጣይ ይላል። ስልኳ አይሠራም።

ጀርባዬ ላይ መፈረሟ ትዝ አለኝ። ከዚያም ድንጋዩ። የመጨረሻዎቹን ተቀምጣ ነው የፈረመችው። ደብተሩን ከኋላ ገለጥኩት። የመጨረሻው ቅጠል ላይ ሐረጉ አለ፤ ቀጥ ብሎ፣ ረግቶ፣ ተጠምጥሞ። ልጆቿ በመስኮት እየጮሁ፣ ሾፌሩ እየተሳደበ፣ እጇን አረጋግታ የፈረመችው ነው።

ሠራተኛው ናሙናው ጎን አስተያየው። «ይህ ይሆናል» አለ።

የፈቀዱትን ያህል ወጣ። ሌላ ቅጠል ጽፌ፣ ያም ከመጨረሻዎቹ፣ ድርሻዋን ወደ ቁጠባ ደብተሯ እንዲያዞሩት ጠየቅኩ። የማዞሪያ ይቆረጣል አሉኝ። ቁረጡ አልኩ። ሠራተኛው ደሴ ያለው ቅርንጫፍ ዛሬ ክፍት ነው፣ ከደረሰች ታገኘዋለች አለኝ። ከደረሰች።

ኢንሱሊኑን ከአንድ ፋርማሲ ሁለት፣ ከሌላው አንድ አገኘሁ።

እሑድ

ሰይድ እናቱን ወደ ውርጌሳ ሊወስዳቸው መኪና ተስማምቷል። ለነገ ነው። አማቴ አልሄድም አሉ፤ ቤቴ ልሙት። ሰይድ ተቆጣ፣ ከዚያ እግራቸውን ሳመ። አልተወሰነም።

ከዙህር በፊት ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። ጥሩወርቅ ናት፣ በሰው ስልክ። ደሴ ገብተዋል። ከአንዲት ዘመዷ ቤት አርፈዋል፣ ብሩን ነገ ጠዋት ታወጣለች። ልጇ መንገድ ላይ ትኩሳት ይዟት ነበር፣ ዛሬ በርዷል።

ፊርማሽ እምቢ ብሎኝ ነበር አልኳት። ቀስ ብላ «ታዲያ ምን አደረግሽ?» አለችኝ። ድምፅዋ ያኔ ሐሙስ ባንክ ውስጥ «በማንኛችንም» ያለችበትን አይመስልም፤ ደሴ የባንኩ መስኮት ላይ ቆማ ስትጠብቅ የነበረውን ይመስላል። ተቀምጠሽ የፈረምሽውን አገኘሁ አልኳት። ስታለቅስ ሰማሁ። ስልኩ የሰው ነው፣ እያለቀሰች ካርዱ ያልቅበታል ብዬ ተሳቀቅኩ፣ ግን አልዘጋሁም።

ሲበርድላት የቀሩትን ቅጠሎች አቃጥያቸው አለች። ከተማው ከተያዘ በሰው እጅ እንዳይገቡ። እምቢ አልኳት። የተሰበሩትን አቃጥላለሁ፤ የሚሠሩት ግን ሁለት ቀርተዋል፣ አንዱን ላንቺ ብዬ ፈርሜ ማህተም መትቼበታለሁ፣ ሰይድ ውርጌሳ ከወጣ ደሴ ድረስ በእሱ እጅ እልከዋለሁ አልኳት። «ባዶውን?» አለች። ባዶውን አልኳት።

ሰይድ ምን አለች ብሎ ጠየቀኝ። ደርሳለች አልኩት። ቅጠሉን ሳሳየው ተቀብሎ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተውና አዝራሩን ዘጋ።

መንገዱ ዛሬ ቀነስ ብሏል። ሰው ሁሉ ወጥቶ አልቆ ይሁን፣ ነገሩ በርዶ ይሁን የሚያውቅ የለም። ያልተጫነው አቮካዶ ቅጠሉ ጠውልጓል፤ ለሞተሩ ቤንዚን የለም። ጀሪካን ይዤ ወደ ወንዙ ልውረድ።